ተቀባይ ያገኘ ዕቃ፦ በአራስነት ወራት ቤት የማቅለል ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ መነሻ

ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ወደ ቤታችን የሚገባው ዕቃ ከሚወጣው እጅግ ስለበለጠ፣ ቤቱን የማቅለሉን ሥራ ዛሬ ጀምረናል፤ ሂደቱንም እዚህ እመዘግባለሁ። አራስ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ፣ በአንዱ ማጥባትና በሌላው መካከል የሚገኘው ክፍት ጊዜ አጭር ነው፤ መቼ እንደሚቋረጥም አስቀድሞ አይታወቅም። የት ላይ እንዳቆምኩ ከተጻፈ ግን ሥራውን ካቆምኩበት ለማንሳት አልቸገርም።

ባዶ ቤት አልፈልግም። የምፈልገው በእንቅልፍ ማጣት የደከመ አእምሮ በየማዕዘኑ ውሳኔ የማይጠየቅበት ቤት ነው። ወንበር ላይ የተከመረ የጠበባት ልብስ፣ ከነካርቶኑ የቆመ ስጦታ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር ቦታ ከመያዛቸው ይልቅ የሚያደክሙኝ ገና ምን እንደሚደረግባቸው ስላልተወሰነ ነው። ዳርቢ ሳክስቢ እና ሬና ሬፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ባልና ሚስቶች ቤታቸውን እያስጎበኙ የተናገሩትን ቃል ከኮርቲሶል ልኬታቸው ጋር አመሳክረዋል። ቤታቸውን የተዝረከረከና ያላለቀ ሥራ የሞላበት አድርገው የገለጹት ሴቶች፣ ይህ የውጥረት ሆርሞን ከጠዋት ወደ ማታ መቀነስ የሚገባውን ያህል አይቀንስላቸውም ነበር። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አያረጋግጥም፤ ይሁን እንጂ «ያላለቀ ሥራ» የሚለው አገላለጽ እኔ ያለሁበትን ሁኔታ በትክክል ስለሚነካው የዚህ ሥራ መመሪያ አድርጌዋለሁ። አንድ ዕቃ አለቀ የምለው ከዓይኔ ሲሰወር ሳይሆን የሚጠቀምበት ሰው እጅ ሲገባ ነው።

የሰውነቴም አቅም ልክ ሊበጅለት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የድኅረ ወሊድ ጊዜ የሚለው የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት ነው፤ በቀዶ ጥገና የወለደች እናትም በእነዚህ ሳምንታት ከልጇ የሚከብድ ነገር እንዳታነሳ ትመከራለች። እኔ ይህን ጊዜ ጨርሼ የጀመርኩ ቢሆንም፣ ከትከሻዬ በላይ ያለውንና ከባዱን ሁሉ ባለቤቴ እንዲያወርድ፣ እኔ ደግሞ ተቀምጬ እንድለይ ተስማምተናል።

ማክሰኞ፣ ከመውጫው መጀመር

ዛሬ አንድም ቁምሳጥን አልተከፈተም። ሙሉውን ክፍት ጊዜ ያዋልነው ዕቃው የት እንደሚሄድ ለማወቅ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ዕቃውን ወለል ላይ በመዘርገፍ ነው፤ አራስ ባለበት ቤት ግን የተዘረገፈ ዕቃ ልጅ በነቃ ቁጥር በዚያው እንደተዘረገፈ ይቀራል። በፌስታል ታጭቆ በር ሥር የተቀመጠ ዕቃም ቢሆን በየቀኑ እያለፍኩ የማየው ያልተዘጋ ጉዳይ ነው፤ እንዲያውም ቁምሳጥን ውስጥ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ይከብዳል።

ስለዚህ በአንድ ሉህ ላይ ተቀባዮችን ጻፍን። ልትወልድ የተቃረበች ጎረቤት አለች፤ እናቶችንና ሕፃናትን የሚያስጠልል ማረፊያ አለ፤ የልብስ ቅዳጅ የሚሰበስብ፣ ያገለገለ ባትሪና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚረከብ ቦታም እንዲሁ። ለማረፊያው አስቀድመን ስልክ ደውለን የሚያስፈልጋቸውን ጠየቅን። የመለሱልን መልስ ከጠበቅነው የተለየ ነበር፤ የአራስ ልብስ ሞልቷቸዋል፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ የሚሆን ልብስና ደህና ፎጣ ግን ይጎድላቸዋል። ሳይጠይቁ መውሰድ የራስን ኮተት ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ማሻገር ነው፤ የማይሆነውን ለይቶ የማስወገዱ ድካምና ወጪ በተቀባዩ ላይ ይወድቃልና።

የቅደም ተከተሉ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አድ ላንሲንክ የተባሉ የኔዘርላንድ የምክር ቤት አባል እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡትና በስማቸው የሚጠራው «መሰላል» ብክነትን አስቀድሞ መከላከልን ከላይኛው ደረጃ፣ ዕቃውን እንዳለ መልሶ መጠቀምን ቀጥሎ፣ አቅልጦ ወይም ፈጭቶ ሌላ ነገር ማድረግን ከዚያ በታች፣ መቅበርን ደግሞ በመጨረሻ ያስቀምጣል። እኛም ለእያንዳንዱ ዕቃ ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን። በተጨማሪ ተቀባይ ያልተገኘለትን የዕቃ ዓይነት ለጊዜው ላለመክፈት ወስነናል። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፤ እኔ ግን መዘግየቱን ከነውጤቱ እቀበለዋለሁ።

ሐሙስ፣ የሌሊቱ ቦታ

የመጀመሪያው ቦታ አልጋዬ አጠገብ ያለው ኮመዲኖ እንዲሆን የመረጥኩት፣ በቀኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምጠቀምበትና በጨለማ የምጠቀምበት እሱ ስለሆነ ነው። መመዘኛውም አንድ ነው፦ ሕፃኗን በግራ ክንዴ ይዤ፣ መብራት ሳላበራ፣ በቀኝ እጄ ብቻ ይደረስበታል ወይ?

ከላዩ ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ አነሳሁ። ሁለት እጅ የሚፈልግ የቅባት ጠርሙስ፣ ሲነካ የሚወድቅ የፎቶ ፍሬም፣ ከእርግዝና ጊዜ የቀረ የቫይታሚን ብልቃጥ፣ የተነበበና ያልተነበበ መጽሔት፣ ሦስት የተለያዩ ክሬሞች ነበሩ። ከክሬሞቹ አንዱን ብቻ እንደምጠቀም የቱቦው መጨማደድ ይናገራል። አሁን ላዩ ላይ ያለው የውሃ ኮዳ፣ የታጠፉ የጥጥ ጨርቆችና ደብዛዛ መብራት ብቻ ነው። የላይኛው መሳቢያ ዳይፐር፣ መጥረጊያና አንድ ቅያሪ ልብስ ይዟል፤ ልብሱም በጭንቅላት የሚጠለቀው ሳይሆን ከፊት የሚከፈተው ነው፣ በእንቅልፍ ልብ የሕፃን አንገት በጠባብ ቀዳዳ ማሳለፍ ለእሷም ለእኔም ጭንቅ ነውና። ለጨርቆቹ ማስቀመጫ የሚሆን ነገር አልገዛንም፤ የጫማ ካርቶን ክዳን መሳቢያውን በልኩ ከፍሎታል። መደርደሪያና ቅርጫት ገዝቶ መጀመር ቤት በማቅለል ስም ሌላ ዕቃ ማስገባት ነው።

በሕፃኗ አልጋ ላይ ደግሞ ጥያቄው የደኅንነት ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያደሰው መመሪያ ሕፃን በጀርባው፣ በጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ልቅ ብርድ ልብስ፣ ያለ አሻንጉሊትና ያለ አልጋ ዙሪያ መከዳ እንዲተኛ ይመክራል። በስጦታ የመጣው የአልጋ ዙሪያ መከዳ ውብ ነበር፤ ነገር ግን ለእኛ ልጅ አደጋ ነው ያልነውን ለሌላ ሰው ልጅ ልንሰጠው አልፈቀድንም። ባለቤቴ ስፌቱን ተርትሮ ሙሌቱን አወጣው፤ ሙሌቱ የማጥቢያ ወንበሬን የጀርባ ትራስ ሞላልኝ፣ ጨርቁም የትራሱ ልባስ ሆነ።

ቅዳሜ፣ የሕፃን ልብስ

ሕፃናት በአብዛኛው በአምስት ወር አካባቢ የተወለዱበትን ክብደት እጥፍ፣ በአንድ ዓመት ደግሞ ሦስት እጥፍ ይደርሳሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቁመታቸውም ወደ 25 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ልብስ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ላይለበስ ይችላል፣ ጨርቁ ግን ገና አዲስ ነው። አንዲት የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት ወደ 2,700 ሊትር ውሃ እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ፣ የሕፃን ልብስ ከአንድ ልጅ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ መቅረቱ ያሳዝናል። በዓለም ላይ ከሚለበሰው ልብስ ተመልሶ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች በመሆኑም፣ የልብስ ትክክለኛ መዳኛ መለበሱ ነው።

ልብሶቹን በመለያቸው ላይ በተጻፈው ወር ሳይሆን በትክክለኛ ርዝመታቸው ለየኋቸው፤ የአንዱ አምራች የሦስት ወር ልብስ የሌላውን የስድስት ወር ያክላልና። ከዚያ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቤ አየሁ። የሚጎዱት ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ወተት የሚፈስበት አንገትጌ፣ የሚሳብበት የእግር ላስቲክ፣ ከጨርቁ የሚላቀቅ የብረት ቁልፍ። የወተት እድፍ ሲቀመጥ እየቆየ ቢጫ ስለሚሆን፣ ንጹሕ የመሰለውም ሳይታጠብ አይታጠፍም። ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ልብስ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሲታሸግ ይሻግታል፤ እኛ በካርቶን አድርገን በላዩ ርዝመቱን ጽፈንበታል።

ጎረቤቴ ከክምሩ የሚያስፈልጋትን ራሷ እንድትመርጥ ጋበዝኳት፤ ትርፉን ሁሉ በማዳበሪያ ሞልቼ ብሰጣት ኖሮ የእኔን ሥራ በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ አሸክሜያት ነበር። ለሚቀጥለው ልጅ የሚቀመጠው ከአንድ ካርቶን እንዳያልፍ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። የተቀደደውና እድፉ የማይለቀው ጥጥ በአራት ተቆርጦ የእጅ መጥረጊያ ሆነ፤ ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቀው ውሃ በደንብ ስለማይመጥ ለቅዳጅ ሰብሳቢው ተለየ። መጀመሪያ የለበሰችውን ልብስ አስቀርቻለሁ። ስሜት ያለበትን ዕቃ በግድ ማስለቀቅ ሥራውን የሚያስጠላ ይመስለኛል፤ ካስቀሩት ደግሞ በክብር ማስቀመጥ እንጂ በክምር ሥር መቅበር አይገባም።

ሰኞ፣ ለሰው የማይሰጠው

ከአልጋ ዙሪያ መከዳው በኋላ ሌሎቹንም ትልልቅ ዕቃዎች በዚሁ ዓይን ተመለከትናቸው። ከዘመድ የተላከልን የእንጨት አልጋ አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ነው። ይህ ዓይነቱ አልጋ፣ ተንሸራታቹ ጎን ሲላቀቅ ሕፃን ስለሚይዝ፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ተከልክሏል። የእንጨቶቹንም ክፍተት ለካን፤ ከ6 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። አልጋውን ለማንም አላስተላለፍነውም፤ ባለቤቴ ፈታትቶ እንጨቱን ለመደርደሪያ አስቀርቶታል፣ ብሎኖቹም ለብረት ሰብሳቢ ይሄዳሉ።

የመኪና ውስጥ የሕፃን መቀመጫ ታሪኩ ካልታወቀ አይተላለፍም፤ ግጭት የደረሰበት ወይም በስሩ የታተመው የአገልግሎት ዘመን ያለፈበት ከሆነ፣ ከውጭ ደህና ቢመስልም ልጅን መጠበቁ አያስተማምንም። ቀበቶውን ቆርጠን፣ በላዩ «አያገለግልም» ብለን ጽፈን ነው የለየነው፣ ሌላ ሰው ከቆሻሻ አንስቶ እንዳይጠቀምበት። የጡት ወተት ማለቢያውም ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ዓይነት ነው፤ ወተት ወደ ሞተሩ ሊገባ ስለሚችል ቱቦውን መቀየር ብቻ ንጹሕ አያደርገውም። ሞተሩ ወደ ኤሌክትሮኒክስ መረከቢያው ይሄዳል።

ረቡዕ፣ ሥራው የቆመበት

ሌሊቱ ከባድ ስለነበረ ዛሬ ምንም አልተነካም። ተዘርግፎ የቀረ ዕቃ ባለመኖሩ ግን ቤቱ ከትናንት አልባሰም።

በዕረፍቱ መካከል አንድ ነገር መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መከፋት በብዙ እናቶች ላይ የሚታይና አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልፍ ነው። ከዚያ አልፎ የሚቆይ ሐዘን፣ ልጅ ተኝታም እንቅልፍ እንቢ ማለቱ፣ ለምንም ነገር ደስታ ማጣት፣ ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ግን በቁምሳጥን ማስተካከል የሚቃለል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ እናቶች መካከል 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በዋነኛነትም ድብርት እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ 10 አጫጭር ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን እናት ራሷ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትሞላዋለች። እናት ቤቷን ለማስተካከል ዕረፍት አልባ ሆና ስትሮጥ ቢታይም፣ አንዲት ዕቃ ማንሳት ቢያቅታትም፣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ደኅንነቷ ነው። ራስን ወይም ልጅን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ዓርብ፣ መድኃኒትና የጽዳት ዕቃ

ልጅ ከመዳኋ በፊት መሠራት ያለበት ይህ ነው። ጊዜ ያለፈባቸውን መድኃኒቶች ለይተን የሚረከብ ፋርማሲ ስላገኘን ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ውሃ ስለሚበክሉ ወደ መጸዳጃ አይፈሱም። የጽዳት ኬሚካሎችን ግማሽ ግማሹን በአንድ ጠርሙስ አጠራቅሞ ቦታ ማትረፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲደባለቅ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሁሉም በየራሱ ጠርሙስ ሆኖ ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቦታ ተቀምጧል፤ የጀመርነው እስኪያልቅ አዲስ አንገዛም።

እሑድ፣ የባለቤቴ ድርሻ

አሊሰን ዳሚንጀር የተባለች የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት የቤት ውስጥ የሐሳብ ሥራን በአራት ከፍላለች፦ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያም መከታተል። በተለይ አስቀድሞ ማየቱና መከታተሉ በሴቶቹ ላይ እንደሚያመዝን አሳይታለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሥራ ክፍፍላችንን እንደገና አየነው። እስካሁን ባለቤቴ የሚሸከመው ክብደቱን ነበር፣ የትኛው ለማን እንደሚሄድ የማስታውሰው ግን እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የተቀባዮችን ሉህ ሙሉ በሙሉ እሱ ተረክቦታል። የሚደውለው፣ ቀን የሚቀጥረው፣ የሚያደርሰው፣ መድረሱንም በሉሁ ላይ የሚሰርዘው እሱ ነው፤ እኔ አልጠይቀውም፣ አላስታውሰውም። የመሳቢያዎቹንም ይዘት በወረቀት ጽፈን ከፊታቸው ለጥፈናል። አሁን ዳይፐር የት እንዳለ ለማወቅ እኔን መቀስቀስ አያስፈልግም፤ ልትረዳን የምትመጣው እህቴም ሳትጠይቅ ታገኛለች። በዚህ ሥራ ሁሉ ይህን ያህል ያሳረፈኝ የለም።

ማክሰኞ፣ የኬብሎቹ መሳቢያ

የተባበሩት መንግሥታት አካላት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተፈጠረ ሲሆን በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተጠላልፎ ነበር። እያንዳንዱን ኬብል በእጃችን ካለ መሣሪያ ጋር ገጥመን ሞከርን፤ አቻ ያላገኘው ተለየ። የአሮጌ ስልኮቹን ፎቶዎች ባለቤቴ ካወጣ በኋላ መረጃቸው ተደምስሷል።

በጥንቃቄ የተያዘው ባትሪው ነው። ክብ የቁልፍ ባትሪ ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሪሞቱን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ድምፅ የሚያወጣውን የሰላምታ ካርድ ሳይቀር እየገለበጥን ባትሪ መያዣቸው በብሎን የሚዘጋ መሆኑን ተመለከትን። ካርዱ ብሎን ስለሌለው ባትሪው ወጥቷል። የወጡት ሁሉ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኗል፤ እርስ በርስ ሲነካኩ ሊግሉና እሳት ሊያስነሡ ይችላሉና።

ሐሙስ፣ የሚገባው ዕቃ

የሚወጣው መስመር ከያዘ፣ የቀረው መግቢያው ነው። ለወዳጆቻችን ስጦታቸውን እንደምናከብር ነግረን፣ ማምጣት ለሚፈልጉ ግን የሚያስፈልገንን በግልጽ ነገርናቸው፦ ያገለገለ ልብስ በዚህ ርዝመት፣ ወይም እኔ እንድተኛ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው። አብዛኞቹ ሁለተኛውን መርጠዋል። ለአጭር ጊዜ የሚያገለግለውን፣ እንደ መታጠቢያ ወንበር ያለውን፣ ከመግዛት ይልቅ ከቤተ ዘመድ ተውሰን በላዩ የሚመለስበትን ወር ጽፈናል።

ዳይፐር ላይ ረጅም ውይይት አድርገናል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ጥናት የጨርቅ ዳይፐር የካርቦን ልቀቱ ከሚጣለው በ25 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ ያሳያል፤ ልዩነቱ የሚሰፋው ማጠቢያ ማሽኑ ሲሞላ፣ ጨርቁ በአየር ሲደርቅና ለሁለተኛ ልጅ ሲያገለግል ነው። እጥበቱ ግን የሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ የአራስ ጉልበትም እንደ ማንኛውም ሀብት የሚያልቅ ነው። ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት የሚጣለውን ልንጠቀም ወስነናል፤ የቀኑን እጥበት ባለቤቴ ይዞታል። ያገለገሉ የጨርቅ ዳይፐሮችን ከጎረቤቴ ዘመድ ያገኘን ሲሆን፣ ላስቲካቸው የላላውን እህቴ ዛሬ ከሰዓት እየቀየረችልን ነው።

ያልተነካ የቀረው የሰነዶች ካርቶን ነው። የክትባት ካርዷና የልደት ማስረጃዋ ወጥተው በበሩ አጠገብ ባለው ማኅደር ገብተዋል። የቀረውን ባለቤቴ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኑ ይጀምረዋል፤ የሚቆራረጠውና እንዳለ ለወረቀት ሰብሳቢ የሚሰጠው ለየብቻ እንዲሆን ሁለት ከረጢቶች አዘጋጅቷል።